ዘመድ ይዋስ፣ የሚችል ይቀጠር

ሆሳዕና ውስጥ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ፊት ጠዋት ጠዋት ወጣት አይጠፋም። አንዱ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው ስልክ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ይጽፋል። ቴሌግራም የሰሌዳውን ገበያ ቢሻማውም ጨርሶ አልገደለውም። ወረቀቶቹ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፦ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ተፈላጊ ችሎታ፣ ብዛት 1፣ ደመወዝ በስምምነት። ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚነካ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከግርጌ አንዲት መስመር ትጨመራለች፦ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል/የምትችል።»

በሀድያና በከምባታ ከተሞች አዲስ ድርጅት የሚከፍት ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በዚያች የመጨረሻ መስመር ነው። ገንዘቡ ተገኝቷል፣ ብዙ ጊዜም ከደቡብ አፍሪካ ነው የመጣው። ቤቱ ተከራይቷል፣ ንግድ ፈቃዱ ወጥቷል። ቀጥሎ ሰው መቅጠር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ተቀጣሪዎች ደግሞ እንደ ኋለኞቹ አይደሉም፤ ድርጅቱ ገና ቅርጽ ስለሌለው ቅርጹን የሚሰጡት እነሱ ናቸው።

ጎፈር ሜዳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ይህ ምርጫ ሲደረግ ተቀምጬ አይቻለሁ። ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ ስማቸውን አልጠቅስም። አንደኛው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ሲሠራ ኖሮ የተመለሰ፣ ዕድሜው በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ባለ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ ወጣት። የሠሩት ነገር የግል ትምህርት ቤቶች የተማሪ ክፍያ የሚቆጣጠሩበት ሶፍትዌር ነው፤ ወላጅ በቴሌብር ይከፍላል፣ ትምህርት ቤቱ ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረ ወዲያው ያያል። የጎደላቸው ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ዞሮ ርእሰ መምህራንን የሚያሳምን፣ ሒሳብ ሹሞችን የሚያሠለጥን ሰው ነበር። ከአመልካቾቹ ሁለቱ ቀርተዋል። አንዱ የባለ ገንዘቡ የአጎት ልጅ፣ ዲግሪ ያለው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሌላዋ ከዱራሜ የመጣች፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ የሠራች ወጣት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አላት ባለ ገንዘቡ። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር።

የአባቷን፣ የአያቷን፣ የመንደሯን ስም ነገረችው። ሰውየው ጥቂት አሰላሰለ፤ አላወቃቸውም። ወጣቱ ሸሪክ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረና «እስኪ ይህን ነካክተሽ እዪው፤ ምን ይታይሻል?» አላት። ዝም ብላ ትንሽ ቆየች።

«ጋሼ፣ ይህ ትምህርት ቤት ውስጥ አይሠራም» አለች።

«ለምን አይሠራም?»

«ወላጅ የወሩን ክፍያ በአንድ ጊዜ አይከፍልም፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ገበያ ሲውል ነው የሚያመጣው። ሦስት ልጅ ያለው ደግሞ ለሦስቱም በአንድ ደረሰኝ ነው የሚከፍለው። ይህ ግን ለአንድ ተማሪ አንድ ክፍያ ብቻ ነው የሚቀበለው። ቀሪውን የት ልጻፈው?»

ወጣቱ ፕሮግራመር ፊቱ ቀላ። ወራት የደከመበት ሥራ ነው። ባለ ገንዘቡ ግን ልጅቷን ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያም ከልቡ ያልወጣውን ጥያቄ ጠየቃት፦ «ተያዥ አለሽ?»

ይህን ጥያቄ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ የሚስቅ የአዲስ አበባ አማካሪ አይጠፋም። እኔ አልስቅበትም። የሰውን የቀድሞ ታሪክ በስልክ ደውሎ ማጣራት በማይቻልበት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በዕውቂያ በሚጻፍበት አገር «የማን ልጅ ነህ» ማለት መረጃ መጠየቅ ነው። ቤተሰቡ ከታወቀ ሰውየው ቢጠፋ የሚጠየቅ አለ፤ እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሽማግሌው አለ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው አባባል የመጣውም ከዚህ ስሌት ነው። ችግሩ ያለው ጥያቄው ከሚመልሰው በላይ እንዲመልስ ሲጠበቅበት ነው። ዘመድነት ልጁ ካዝና ይዞ እንደማይጠፋ ይነግርሃል። ሥራውን መቻሉን፣ ስትሳሳት «ተሳስተሃል» ማለቱን ግን አይነግርህም።

የሆሳዕና ሰው ይህን የቅጥር ስልት የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከደቡብ አፍሪካ ሱቅ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ጉዞ ከሀድያና ከከምባታ በብዛት የጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በዚያ ዘመን ሆሳዕናን የጎበኘ አንድ ካናዳዊ ሰባኪ በር ወደ ደቡብ እንደሚከፈት ተንብዮ ነበር ይባላል፤ ስለ ፍልሰቱ ያጠኑ ምሁራንም ይህን ትንቢት ከገፊ ምክንያቶቹ አንዱ አድርገው መዝግበውታል። ከዚያ ወዲህ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቆራርጦ የሚሄደው መንገድ ብዙ ቤት ሠርቷል፤ ብዙ ቤትም አፍርሷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ታፍነው የተገኙት 64 ሰዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ከሞት የተረፈው እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው ሥራ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የጉዞውን ወጪ የሸፈነለት ወንድም ወይም የአገር ልጅ ሎኬሽን ውስጥ፣ ማለትም ጥቁሮቹ በሚኖሩበት ዳርቻ ሰፈር፣ ሱቅ አለው። አዲሱ መጤ በፍርግርግ ብረት ውስጥ ቆሞ ዳቦ፣ ስኳርና የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚያድረውም እዚያው ነው። ዕዳውን በጉልበቱ ይከፍላል። ሲጨርስ ይለምዳል፣ ቋንቋውን ይይዛል፣ የራሱን ሱቅ ይከፍታል ወይም በሽርክና ይገባል፤ በተራው ደግሞ ሌላ ወንድም ያስመጣል።

እንደ ቅጥር ሥርዓት ካየነው ይህ አሠራር የተዋጣለት ነው። ሱቁ ትንሽ ነው፤ ሥራው በሳምንት ይለመዳል፤ የሚፈለገው ችሎታ ሳይሆን ታማኝነትና ጽናት ነው። ዕዳው ሰውየውን ያስረዋል። ከሁሉ በላይ መውጫ አለው፤ ጎበዙ ተቀጣሪ ከአለቃው ጋር ሳይጣላ ተለይቶ የራሱን ይከፍታል። ሌሊት ሱቁ ሲዘረፍ፣ በ2000 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላም በተደጋጋሚ እንደታየው የውጭ ዜጋ ሲታደን፣ አብሮ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለው እዚያ ይሠራል።

ያው ባለ ሱቅ ሆሳዕና ተመልሶ ድርጅት ሲከፍት ግን እነዚያ ሁኔታዎች አንዳቸውም የሉም። የአጎቱ ልጅ ዕዳ የለበትም፤ እንዲያውም ዕዳ ያለበት የሚመስለው ባለቤቱ ነው፣ «ውጭ ኖሮ መጥቶ ለአጎቱ ልጅ ሥራ ነፈገ» እንዳይባል። ሥራው በሳምንት የሚለመድ አይደለም። መውጫም የለም። ሥራውን ያልቻለ የአጎት ልጅ ሲሰናበት አጎት ይቀየማል፤ አጎት ሲቀየም ለቅሶ ላይ መቀመጫ ይለያያል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ መስቀል ሲደርስ አብሮ መብላት ይቀራል። ባለቤቱ ይህን ስለሚያውቅ አያሰናብትም። የማይችለውን ልጅ ከነወንበሩ ያቆየውና ሥራውን የሚሠራ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ሁለት ደመወዝ፣ አንድ ሥራ። አዲስ ድርጅት የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ሌብነቱ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ የሚቀጠረው ሰው ምን ዓይነት መሆን አለበት የሚለውን ከጎፈር ሜዳዋ ቢሮ መማር ይቻላል። ፕሮግራመሩ ነበራቸው። የጎደላቸው ደንበኛውን የሚያውቅ ሰው ነው። ራይድ የተባለውን የታክሲ ጥሪ አገልግሎት የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ አገልግሎቷን አዲስ አበባ ላይ ስታስፋፋ ሕዝቡ ሁሉ ስማርት ስልክ አልነበረውምና መተግበሪያው ብቻውን አልበቃትም፤ ስልክ የሚያነሳ የጥሪ ማዕከል ያስፈልጋት ነበር። ስለ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስናወራ ኮድ ጻፊውን እናገናለን። ደንበኛ ሲቆጣ የሚሰማውን፣ ቁጣውንም ወደ ቢሮ ይዞ የሚመለሰውን ሰው ማንም አያስታውሰውም። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ ወይም ሾኔ ላይ ለሚጀምር ድርጅት ግን ከኮድ ጻፊው እኩል፣ አንዳንዴም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው። በገበያ ቀን ገበሬው ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ወላጅ መቼ ብር እንደሚይዝ፣ ሀድይኛ ወይም ከምባትኛ ብቻ የሚናገር ደንበኛ ምን ሲሉት እንደሚገባው ያውቃል። ይህ ዕውቀት ዲግሪ ላይ አይጻፍም፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለው ሳጥንም አይዘውም።

ሆሳዕና ውስጥ ያለው ትልቁ ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ተሰይሟል። የሀድያ ገዥ ልጅ የነበረችው፣ ኋላም በቤተ መንግሥት ለረጅም ዘመን ሥልጣን የያዘችው እሌኒ የምትታወሰው በፖለቲካ ብልኅነቷ ነው። እኔ ግን እንደ ቀጣሪ ላያት እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1509 አካባቢ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ለመላክ ስትወስን የመረጠችው ዘመዷን ወይም የቤተ መንግሥት ሰው አልነበረም፤ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነበር። ምርጫዋ ትክክል ነው። መንገዱ በሙስሊም ወደቦች በኩል ስለሚያልፍ ቋንቋውንና ንግዱን የሚያውቅ፣ ሲታይ የማያስጠረጥር ሰው ያስፈልግ ነበር። ማቴዎስ በ1512 ጎዋ፣ በ1514 ሊዝበን ደረሰ።

ነገር ግን መንገዱን በሙሉ መከራ አየ። የመርከብ አዛዦቹ አታላይና ሰላይ ነህ እያሉ አንገላቱት፤ «ይህን የሚያህል ንጉሥ እንዴት አርመናዊ ይልካል?» የሚለው ጥርጣሬ አልለቀቀውም። በመጨረሻ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ምጽዋ ሲደርስ እሌኒ አርጅታ ሥልጣኑ በልብነ ድንግል እጅ ገብቶ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ማቴዎስን በሙሉ ልብ የእኔ ነው አላለውም። እሱም ብዙም ሳይቆይ ደብረ ቢዘን አካባቢ ሞተ። እሌኒ የሚችለውን ሰው ቀጥራ ነበር። የጎደለው ተያዥ ነው፤ በሄደበት ሁሉ «ይህ ሰው የኛ ነው» ብሎ የሚቆምለት ሰው አልነበረውም።

ዛሬም ነገሩ ያው ነው። ችሎታና ዋስትና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከአንድ ሰው ላይ ሁለቱንም መፈለግ ግዴታ አይደለም። ጄፍ ቤዞስ አማዞንን ሲጀምር እ.ኤ.አ. በ1995 ከወላጆቹ ወደ 245 ሺህ ዶላር ተቀብሏል። ሶፍትዌሩን የሠራለት የመጀመሪያው ተቀጣሪ ግን ሼል ካፋን የሚባል፣ ዝምድና የሌለው ልምድ ያለው ፕሮግራመር ነበር። (መጀመሪያ አካባቢ ሒሳብ ላይ የረዳችው ሚስቱ ማኬንዚ ናት፤ ስለዚህ ዘመድ ከቢሮ ይጥፋ የሚል ሕግ የለም።) ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰውየውን ስለሆነ በሰውየው ላይ ገንዘብ አኖረ፤ ሥራው ግን ለሚያውቀው ተሰጠ።

ከዚሁ ሳንርቅ፣ ዱራሜ ላይ የተሻለ ምሳሌ አለ። ቦጋለች ገብሬ አሜሪካ ተምራ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ከፍቅርተ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን የሴቶች ድርጅት ስትመሠርት አብራት የነበረችው ዘመድ ናት፤ እህት። ይህ እስካሁን ያልኩትን የሚያፈርስ ይመስላል። ልዩነቱ ፍቅርተ የተመረጠችው ቦታ እንድትይዝ አለመሆኑ ላይ ነው፤ ሁለቱ እህቶች አንድ ቁስል፣ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ቦጋለች ስለ ሴቶች ጤናና መብት ልታወራ ሄዳ የአገሩ ሰው መጀመሪያ የጠየቃት ድልድይ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሴቶች ገበያ የሚሻገሩበት። ድልድዩ ተሠራ፤ ጆሮ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የተካሄደውን የማኅበረሰብ ውይይት ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አልመራውም፤ ከየመንደሩ የተገኙ፣ የሠለጠኑ ወንዶችና ሴቶች መሩት። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ሙሽራ ያልተገረዘች መሆኗን በአደባባይ አሳውቃ ስትዳር ሰርጉ ላይ የተገኘው ሕዝብ ከሁለት ሺህ በላይ ነበር። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማትን ተቀብላለች፤ በ2019 አረፈች። ስለ ሥራዋ ሲጻፍ ድፍረቷ ይወሳል። ለእኔ ከድፍረቷ እኩል የሚያስደንቀኝ ማንን ከፊት እንዳሰለፈች ነው፦ መንደሩ የሚሰማውን ሰው።

ሌላው የዚህ አካባቢ ችግር ሰው አይቆይም የሚባለው ነው። እውነት ነው። ያሠለጠንከው ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ዝግ ይሆናል፤ ከሳምንት በኋላ ሞያሌ መድረሱ ይሰማል። ሌላው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና ላይ በተከፈቱት ቢሮዎች ገብቷል፤ የመንግሥት ሥራ ደመወዙ ቢያንስም ጡረታው የታወቀ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናና በዱራሜ ካምፓሶቹ የሚያስመርቃቸውም ዓይናቸው ወደ አዲስ አበባ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች መፍትሔው ቃለ መጠይቅ ላይ «ትቆያለህ ወይ?» ብሎ ማስማል ይመስላቸዋል። የተጠየቀ ሁሉ ይምላል። ከመሐላ ይልቅ የሚሻለው ልጁ ቢሄድም ሥራው እንዳይሄድ ማድረግ ነው፦ የደንበኞች ስልክ በግል ሞባይሉ ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ የይለፍ ቃሎች በድርጅቱ ስም እንዲሆኑ፣ የሚሠራበት መንገድ ተጽፎ እንዲቀመጥ። የደቡብ አፍሪካው ሱቅም ጎበዙ ልጅ እንደሚሄድ አውቆ ነው የሚቀጥረው።

«ደመወዝ በስምምነት» የሚለውም ቢቀር ደስ ይለኛል። ተስማሚው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ የተራበው ይስማማል። ጎበዙ ደግሞ ቁጥር ስላላየ ወረቀቱን አልፎት ይሄዳል። ደመወዙ ትንሽ ከሆነ ትንሽነቱን ጽፎ የጎደለውን በሌላ መሙላት ይሻላል። ድርሻ እሰጥሃለሁ የሚሉ ባለቤቶች አሉ፤ ግን በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ድርሻን ለአዲስ ሰው ማስተላለፍ የአባላትን ስምምነትና የሰነድ ማሻሻያ ይጠይቃል። በቃል የተሰጠ ድርሻ የጠብ መነሻ ነው የሚሆነው። ከትርፍ በመቶኛ ተሰልቶ በጽሑፍ የሚሰጥ ጉርሻ ለጀማሪ ድርጅት ይቀላል።

የጎፈር ሜዳዋ ቢሮ ነገሩን በመጨረሻ ፈታችው። ልጅቷ ተቀጠረች፤ ተያዥ ሆኖ የፈረመላት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ዘመዷ ነው፣ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤውን ይዞ ከዱራሜ መጣ። የአጎት ልጅ ቢሮው አልገባም። አጎት ተቀይሟል፤ መታረቃቸውን አልሰማሁም።

እንግዲህ ገንዘብ ይዘህ ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሆማቾ ወይም ዶዮገና ላይ ድርጅት ልትከፍት የተነሳህ አንባቢ፣ ዘመድህን አትሽሽ፤ ቦታውን ግን ለይለት። ገንዘብ ካለው ያበድርህ፤ ስም ካለው ለቀጠርከው ሰው ዋስ ይሁን፤ ሥራው ላይ የሚችል ሰው ይቀመጥ። ዋስትናውንም በደንብ ጻፈው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጠቀሰበት የዋስትና ውል ዋጋ የለውም። ብዙ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ያሉት የተያዥ ወረቀቶች ይህ ቁጥር ስለሌላቸው ከተራ ወረቀት አይሻሉም።

የምትቀጥረውን ሰው ደግሞ ሞክረው፤ ሕጉ ፈቅዶልሃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አልተስማማም ካልክ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ልትለያዩ ትችላላችሁ፤ የአጎትህም ልጅ ቢሆን አንድ ነው። ሙከራው ግን የሚጸናው በጽሑፍ ከተስማማችሁ ብቻ ነው፤ በቃል የተባለ የሙከራ ጊዜ ፍርድ ቤት አይቆምም።